የማሰሮው ቦታ

ሶዶ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሀብቴ፣

ከሶዶ እስከ ኦሞ ዳር ያለውን አቧራ አልፎ የሚደርስህ ስለሆነ ሰላምታዬን አብዝቼ ልኬዋለሁ፤ ግማሹ መንገድ ላይ ቢቀር በግማሹ ተጽናና። እኔ ደህና ነኝ። እናትህም ደህና ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ለሀብተየስ እንዳትጽፊ ብለውኛል፤ ይኸው አልጻፍኩም።

ስልክ የማይሠራበት የሸንኮራ እርሻ ካምፕ ገብተህ በዚህ ዘመን ደብዳቤ ጸሐፊ አደረግኸኝ። ሹፌሩ ቶማ ያንተን ከመኪናው ወንበር ሥር አውጥቶ ሰጠኝና ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተኝ ከፈትኩት። የመጀመሪያው መስመር ላይ ምን አለ? "ማሰሮው ቦታው ላይ ነው ወይ?" አንተ ሰው፣ ጤና አለህ? ሚስትህን ጥለህ ሄደህ ስለ ሸክላ ትጠይቃለህ? አዎ፣ ቦታው ላይ ነው። ኢንሱሊኔም ውስጡ ነው። በዙሪያው ያለውን አሸዋ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣዋለሁ፤ መብራት ቢሄድም እንደቀዘቀዘ ይውላል። ግን አንተን ካልጠየቅሁ ማንን ልጠይቅ? እማማ ለምንድነው ጓሮ መጨረሻ፣ ከእንሰቱ ሁሉ ኋላ የወሰዱት? ድሮ የነበረበት የማድቤቱ ግድግዳ ሥር ምን ጎደለው? ጥላ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ቅርብ ነው። ለአንድ መርፌ ጭቃ እያቦካሁ እዚያ ድረስ! አንድ ቀን ተደብቄ ወደ ማድቤቱ መልሼው ነበር። ሲመሻሽ ጉልበታቸውን እያመማቸው ተሸክመው መልሰው ወሰዱት። አማት ምራቷን የምታሠቃይበት መንገድ ብዙ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር፤ በማሰሮ ሲሆን ግን ያየሁት በራሴ ነው።

ስለ ክትትሉም ጠይቀሃል። ሲስተር ሊድያን ታውቃታለህ፣ የስኳር ክፍሏ ነርስ፤ ቀጭኗ፣ ስትናገር ጣቷን የምትቆጥረው። አስቀምጣ አስተማረችኝ። የልጅ ልቡና አከርካሪው መሠራት የሚጀምረው እናትየው ማርገዟን ገና ሳታውቅ ነው አለችኝ። ስለዚህ ስኳሬ መስተካከል ያለበት ካረገዝኩ በኋላ ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው። የሦስት ወሩ አማካይ እሷ ወደምትለው ቁጥር እስኪወርድ መከላከያዬን አልተውም። ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ኪኒን ግን ከአሁኑ እጀምራለሁ። ዓይኔም ይታያል፣ ሽንቴም ለኩላሊቴ ይመረመራል። ሳቅኩባት፤ "ገና ለገና ላልመጣ እንግዳ ይህ ሁሉ ጉድ ጉድ?" አልኳት። እሷ አልሳቀችም። "አምና ያለ ዝግጅት ነበር የገባሽበት፣ ናርዶስ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ መርፌ ስወጋ የኖርኩ ሰው፣ ለልጅ ሲባል ሌላ ዝግጅት እንዳለ አላውቅም ነበር። ልጃችን ሞታ ከተወለደች በኋላ ነው ያወቅሁት።

አንተ ስኳር ታመርታለህ፣ እኔን ስኳር ይፈጨኛል። እግዜር ሲያጣምር እንዲህ ነው።

አንድ ነገር ልጽፍልህ ጀምሬ ሠርዣለሁ። ይቅርታ፤ ሌላ ወረቀት አልነበረኝም።

ናርዶስ

*

ከካምፕ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለናርዲ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ በሙቀቱና በትንኙ መካከል ደህና ነኝ። እባብ ነድፎታል ያለሽ ሰው ውሸቱን ነው፤ የተነደፈው የማታው ፓምፕ ጠባቂ ነው፣ እሱም ድኗል።

ማሰሮውን ተይው፣ የኔ እመቤት። እማዬ የምታደርገውን ታውቃለች። ጭቃው ካስቸገረሽ ድንጋይ አስደርድሪበት፤ ከዚያ ቦታ ግን አታንሺው። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። ከብዙ ጥያቄሽ መካከል ይቺን አንዷን ብትተይልኝ ውለታሽን አልረሳም።

ዓይንሽ ደህና መሆኑን ከቶማ ስሰማ ተነፈስኩ። ሲስተር ሊድያ እሺ እስክትል እዚህ መቆየቴም ይሻላል፤ እኔ አጠገብሽ ተኝቼ ለመታገሥ የተፈጠርኩ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ። ግን ለዚህ ብቻ ነው የሄድኩት ብዬ አልዋሽሽም። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም። ሰው እየመጣ "እግዜር ይተካላችሁ" ይለኛል። እሺ እላለሁ። ሰውየው ከወጣ በኋላ የት እንደማይ ይጠፋኛል። አንቺን ከዚያ ጋር ትቼ ስለወጣሁ ይቅርታ አድርጊልኝ።

የሠረዝሽውን መስመር ለፀሐይ አንሥቼ አየሁት። "ትናንት በቀትር" ከሚለው በቀር አልነበብ አለኝ። ትናንት በቀትር ምን ሆነ?

ያንቺው ሀብተየስ

*

ሶዶ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሀብቴ፣

የገና ዶሮ ሳይገዛ በፊት ይድረስህ ብዬ ቸኮልኩ። ሰላም ነህ? ልብህ ጠንካራ ነው? ጠንካራ ካልሆነ ተቀምጠህ አንብብ።

ሲስተር ሊድያ የመርፌዬን መጠን ካስተካከለችልኝ ወዲህ ስኳሬ አንዳንዴ ከልክ በላይ ይወርዳል። ምልክቱን አውቀዋለሁ፤ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ ነገር ይርቀኛል። ሲወርድ ወዲያው ሻይ በስኳር መጠጣት ነው፣ ከዚያ ያልፋል። ያን የሠረዝኩልህ ቀን እማማ ገበያ ናቸው። እኔ የተማሪዎች ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነበር። ቀትር ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል፤ ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ማሽኑ ላይ ተኝቷል። መንቀጥቀጥ ስጀምር መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ላነሣው ዝቅ ስል ከማሽኑ ሥር፣ ቁርጥራጩ ጨርቅ ላይ፣ ሕፃን ልጅ ተቀምጣለች።

አልጮኽኩም። የሚገርመኝ እሱ ነው። ብትኖር ኖሮ አሁን የምትሆነውን ያህል ናት። ሰማያዊ ጨርቅ ይዛ ትጎትታለች። ቀና ብላ አየችኝ፣ እንደምታውቀኝ። ሻዩ አጠገቤ ነው፤ አልጠጣሁም። ትንሽ ላያት ፈልጌ ነው፣ ሀብቴ። ከዚያ እጄ አልታዘዝ ሲለኝ ፈራሁና ጠጣሁ። ቀስ እያለች፣ ጨርቁን እንደያዘች፣ ጠፋች።

ከዚያ ወዲህ ስኳሬ በወረደ ቁጥር ትመጣለች። ስኳሬ ደህና ከሆነ አትመጣም።

አበድሽ በለኝ፤ ግን አስበው። እኔ እኮ አላየኋትም። ሴቶቹ ፊቴን በነጠላ ሸፈኑኝ። "አትይ፣ ዓይንሽ ውስጥ ትቀራለች" አሉኝ። ሴት ናት ብሎ ያመለጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱንም ዝም አሰኙት። ክርስትና ያልተነሣች ናት ተብሎ ቤተ ክርስቲያን አልሄደች። ድንኳን አልተተከለ። ማንም ነጠላውን አላዘቀዘቀም። "አንቺ ተርፈሻል፣ ይበቃል" ተባልኩ። የት እንደተቀበረች ብጠይቅ እናትየው አትጠይቅም አሉኝ። ጡቴ ወተት አጋተ፣ የሚጠጣው የለም። እና አሁን፣ ከዓመት በኋላ፣ መጥታ ማሽኔ ሥር ብትቀመጥ እንዴት ብዬ ልለፋት? ይህን ለማንም አልነገርኩም። ለእማማ ደግሞ ጭራሽ።

ናርዶስ

*

ከካምፕ፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ናርዲ፣

ሻይሽን ጠጪ። ስኳሩን ጨምረሽ ወዲያው ጠጪ። ይህን ደግሜ ደጋግሜ እለምንሻለሁ።

ደብዳቤሽን በኪሴ ይዤ እዞራለሁ። ቦዩ ዳር ተቀምጬ አነበዋለሁ፣ አጥፌ እከተዋለሁ፣ እንደገና አወጣዋለሁ። አበድሽ አልልሽም።

መልኳ ምን ይመስላል? ብቻ እሱን ንገሪኝ።

ሀብተየስ

*

ሶዶ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሀብቴ፣

ጥያቄህን ሳነብ አለቀስኩ። ከልጃችን ሞት ወዲህ ስለ እሷ አንድ ነገር የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ። እግዚአብሔር ይስጥህ።

ደህና አድርጌ ላያትልህ ብዬ አንድ ሁለት ቀን መርፌዬን ወግቼ ቁርሴን አዘገየሁት። አትቆጣ። እንዲህ ናት፤ ቀላ ትላለች። ፊቷ ጠበብ ያለ ነው። ፀጉሯ ስስ ነው፣ ግንባሯ ላይ አልደረሰም። አንገቷ ቀጭን፣ ጣቶቿ ረዣዥም፣ እንደ በገና ደርዳሪ። ክብደት ያላት አትመስልም፤ የተቀመጠችበት ጨርቅ እንኳ አይጨማደድም። ማንን እንደምትመስል አልያዝኩም። ካንተ ወገን ትሆን?

አሁን ሌላውን ወሬ። የሦስት ወሩ ውጤት መጣ። ወርዷል! ሲስተር ሊድያ ወረቀቱን ስትሰጠኝ እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እሷ ግን መለኪያዬን ተቀብላ ቁልፉን እየነካች ወደ ኋላ ማየት ጀመረች። መለኪያው ሁሉንም ያስታውሳል ለካ፤ እኔ የረሳሁትንም። "ይሄ አማካይ የወረደው ስኳርሽ ተስተካክሎ አይደለም" አለችኝ። "ቀትር አካባቢ ወለሉ ድረስ እየወረድሽ ነው፣ እሱ ነው ቁጥሩን ያሳመረው። በዚህ ውጤት እርግዝና እሺ አልልሽም። በዚያ ሰዓት ምን ታደርጊያለሽ?" እሰፋለሁ አልኳት። "ሻይ አጠገብሽ የለም?" አለ አልኳት። መለኪያውን መለሰችልኝ። እንደገና ሦስት ወር ጠብቂ ተባልኩ።

ልዋሽህ አልችልም፤ አልከፋኝም። አስቤው ነበር። ሌላ ካረገዝኩ ስኳሬን እንደ ዓይኔ ብሌን መጠበቅ አለብኝ፣ አለዚያ አምና የሆነው ይደገማል። ከጠበቅሁት ደግሞ ይቺኛዋ አትመጣም። አንዷን ለማግኘት ሌላዋን በሬን ዘግቼ ማስቀረት ሊሆንብኝ ነው። እናት ይህን እንዴት ታደርጋለች? ንገረኝ እስቲ፣ አንተ የምታውቅ ከሆነ።

ናርዶስ

*

ከካምፕ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለናርዶስ፣

ቶማ ነገረኝ። ያን ከባድ መኪና አቁሞ፣ ሳይወርድ፣ በመስኮቱ ነገረኝ። ማሽኑ ላይ ወድቀሽ እንደተገኘሽ፣ እማዬ ነጠላ ሳትደርብ መንገድ ወጥታ ባጃጅ እንዳስቆመች፣ ሆስፒታል ግሉኮስ ተሰጥቶሽ እስክትነቂ እግርሽን ይዛ እንደቆመች። "ደህና ናት፣ ቤቷ ገብታለች" ብሎ ማለልኝ። መሐላውን ባላምነው ኖሮ በእግሬ እመጣ ነበር። ተተኪ ሠራተኛ እስኪመጣ ፈቃድ የለም ብለውኛል። እስከዚያ ግን የማልችለው ነገር ዝም ማለት ነው።

መልኳን የጠየቅሁሽ በክፋት አይደለም። ርቦኝ ነው። እኔ አይቻታለሁ፣ ናርዲ። አንቺ ያላየሻትን እኔ ታቅፌያታለሁ። ከሆስፒታል እስከ ቤት በባጃጅ ጭኔ ላይ ነበረች። ሽማግሌዎቹና ሴቶቹ ለእናትየው መልኳም ቦታዋም እንዳይነገር ብለው እኔንም እማዬንም አስማሉን። ቦታውን ያወቀች እናት ስትመላለስ ትኖራለች፣ ማኅፀኗም ሌላ ልጅ አይቀበልም አሉ። ማልኩ። ዛሬ መሐላዬን አፈረስኩ፤ ዕዳው በኔ ይሁን።

ያቺ ማሽንሽ ሥር የምትቀመጠው ልጅ የኛ አይደለችም።

የኛዋ ትልቅ ነበረች። ስኳር ያለባት እናት ልጅ ትልቅ ይሆናል ብለውኝ ነበር፣ እውነት ነው፤ ክንዴ ዝሎ ነበር። ጥቁር ናት፣ እንደ እኔ። ጉንጯ ሙሉ፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ እንደ አባትሽ። ፀጉሯ ጥቅጥቅ ብሎ ጆሮዋ ላይ ወርዷል። ግራ ጆሮዋ ጫፉ ላይ እጥፍ ብሏል፣ እንዳንቺው። ጣቶቿ አጫጭር ናቸው፤ ጨብጣቸው ነበር፤ ልዘርጋቸው ብሞክር መልሰው ታጠፉ። ሴቶቹ አጥበዋት በእማዬ ነጠላ ጠቀለሏት። የተኛች ነበር የምትመስለው። ቆንጆ ነበረች፣ ናርዲ። አሁን እወቂያት።

ጉድጓዱን እኔ ነኝ የቆፈርኩት። ከእንሰቱ ሁሉ ኋላ፣ ከአጥሩ ወዲህ፤ እንሰት ሲነቀል ማንም በመቆፈሪያ እንዳይደርስባት። አፈሩን ስንመልስ እማዬ "መሐላ ነው፣ አይነገራትም" አለች። ቀጥላ "ግን አትለያትም" አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። በማግስቱ ማሰሮሽን ከማድቤቱ ግድግዳ ሥር አንሥታ፣ ተሸክማ ሄዳ፣ አጠገቧ አስቀመጠችው።

ጠዋት ማታ ስትሄጂ የኖርሽው ወደ ልጅሽ ነው።

ሀብተየስ

*

ሶዶ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሀብቴ፣

ይህን ያህል ስለዘገየሁ ይቅርታ። በየመካከሉ በቶማ "ደህና ነኝ" እያልኩ ልኬልሃለሁ፤ መጻፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ምን ብዬ እጀምራለሁ? ተቆጥቼ ነበር። ባንተም፣ በእናትህም፣ በሽማግሌዎቹም፣ ጭቃ እየረገጥኩ በተራገምኩበት በራሴም ምላስ። ቁጣው አለፈ። ይኸው ሰላም ብያለሁ።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት እማማን አልጠየቅኋቸውም። የማለ ሰው በአፉ መሐላውን እንዲያፈርስ አልፈለግሁም። ቁርሴን በላሁ፤ ከዚያ ሁለት በርጩማ ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እሳቸው በማድቤቱ በር ላይ ቆመው አዩኝ። አንድ በርጩማ ብይዝ ምንም አይሉም ነበር። ሁለት ሲያዩ ገባቸው። ቀስ ብለው፣ ጉልበታቸውን ይዘው፣ መጡና ተቀመጡ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነጠላቸውን አውልቀው አዘቀዘቁት። እኔም አዘቀዘቅሁ። ከዓመት ከምናምን በኋላ፣ ያለ ድንኳን፣ ሁለት ሴቶች ለቅሶ ተቀመጥን። "ጆሮዋ ያንቺ ነበር" አሉኝ። አውቃለሁ አልኳቸው። ዝናቡ እስኪያስነሣን እዚያው ነበርን።

ያቺኛዋ አንድ ጊዜ መጥታለች። ሚያዝያ ውስጥ ነው፣ ቁርሴን በልቼ፣ ሁሉንም እንደታዘዝኩት አድርጌ፣ ብቻ ስፌቱ በዝቶብኝ ምሳ ዘገየብኝ። መቀሱን ሳስቀምጥ ከማሽኑ ሥር አየችኝ። ጆሮዋን ፈልጌ አየሁ፤ አልታጠፈም። ጣቶቿ ረዣዥም ናቸው። ምን ያህል ለምጃት እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጎንበስ ብዬ "የማን ልጅ ነሽ?" አልኳት፣ ሰፈር ውስጥ የጠፋ ልጅ እንደሚጠየቀው። አፏን ልትከፍት ስትል ፈራሁ። እንዳትመልስልኝ ፈራሁና ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። ቀና ስል ቁርጥራጩ ጨርቅ ብቻ ነበር። ማን እንደነበረች አላውቅም። ዛሬም ቀትር ላይ ማሽኑ ሥር ሳልመለከት መቀስ አላነሣም። ግን ከረሜላ በኪሴ አለ፣ ሻይም በፔርሙስ አለ፣ አላቆያትም።

ሲስተር ሊድያ ትናንት መለኪያዬን ይዛ ወደ ኋላ ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች። ወለል የነካ የለም። የሦስት ወሩም አማካይ እሷ ያለችው ላይ ነው፤ በሐቀኛው መንገድ። ዓይኔ ደህና፣ ኩላሊቴ ደህና፣ ኪኒኑንም አንድ ቀን አልዘለልኩም። ጣቷን እየቆጠረች ጨረሰችና "በሉ እንግዲህ፣ አሁን ይቻላል" አለችኝ። ስታረግዢ በዚያው ሳምንት ነይ፣ ክትትሉ ከአምናው ይበልጥ ጠበቅ ይላል አለችኝ። ደስ እንዲለኝ ትጠብቃለች። ደስ ብሎኛል፤ ፈርቻለሁም። ሁለቱም አንድ ላይ ናቸው፣ መለየት አልቻልኩም።

እማማ ይህን ስነግራቸው ጓሮውን አሻግረው አዩ። በኋላ "ማሰሮውን ወደ ማድቤቱ ልመልስልሽ? እርጉዝ ሆነሽ በክረምት ጭቃ እንዳትወድቂ" አሉኝ። እምቢ አልኩ። ድንጋይ አስደርድሬበታለሁ፣ አንተ እንዳልከው። ከዛሬ ጀምሮ መርፌዬን ወስጄ ቶሎ አልመለስም፤ ደህና አደርሽ እላታለሁ፣ ማታም ደህና እደሪ። ወንድም ወይ እህት ሊመጣባት መሆኑን ግን አልነገርኳትም። እሱን አንተ ና ንገራት፤ አንተን ነው የምታውቀው።

ቶማ ቅዳሜ ይመለሳል፣ ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ፈቃድህን ይዘህ ና። ደግሞም በመጀመሪያው ደብዳቤህ ለጠየቅኸኝ፤ ማሰሮው ቦታው ላይ ነው።

ናርዶስ